ስም የማይጠራ ድምፅ

ወይዘሮ በዛብሽ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነቀምቴ ጣቢያ መጥተው ልጃቸው እንዳልገባ ሲነግሩኝ ሳቅሁባቸው። ልጃቸው የአብስራ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ከቢላ ከተማ ማዶ ባለው የግድብ ሐይቅ ላይ በጀልባ ደሴት ለደሴት ሊዝናና ወጣ። «እማማ፣ ጎረምሳ አንድ ቀን ስላመሸ ፖሊስ አገር አይቀውጥም፤ እስከ ረቡዕ ይጠብቁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግዜር ይስጥህ ብለውኝ ሄዱ። ልብ አድርጉ፣ ያኔ ልጁ በሕይወት ነበር።

እኔ ሳጅን ጫንያለው ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የከተመ ነጋዴ ነው፣ እኔ ነቀምቴ ተወለድኩ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እሳደብበታለሁ። አለቃዬ ኢንስፔክተር ድርቤ የኑኑ ቁምባ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በማዕረግ በላዬ። ብዙ አትናገርም፤ እኔ የሁለታችንንም እናገራለሁ።

ረቡዕ ከሐይቁ ዳር ስልክ ተደወለ። የምዕራቡ ዳር ነዋሪ የሆኑ ጋሩማ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ከጎጆአቸው ፊት ለፊት ባለ ደሴት ላይ ሬሳ አይተው ራሳቸው ለቀበሌው አመለከቱ። ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ደሴቱ ደንገል ብቻ ነው፤ ሲረግጡት ከእግር ሥር እንደ አሮጌ ፍራሽ ይረግባል። አንድ ሰማያዊ ጀሪካን ደንገሉ መሀል ተሰክቷል። የአብስራ ከጀሪካኑ አጠገብ በጎኑ ተኝቷል፣ ጉልበቱን አቅፎ። ሸሚዙን አውልቆ ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ አስሮታል፣ ሰው እንዲያየው። መዳፉ ተተልትሏል። ደንገል እየነቀለ ጎንጉኖ የሚንሳፈፍ ነገር ሊሠራ ሞክሮ፣ አንድ ክንድ ያህል ላይ ተወው።

ሐኪሙ ለመናገር ጊዜ አልወሰደበትም። ሰው አልመታውም፣ አላነቀውም፤ የገደለው ዝናብና ብርድ ነው፤ የሞተው ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አንድ ነገር ጨመረ፤ ጉሮሮው ውስጡ አብጦ ቆስሏል፣ ይህ ሰው ለረጅም ጊዜ ጮኋል አለ። ድርቤ ማስታወሻ ደብተሯን አጥፋ ውሃውን ስታይ ቆየች። እኔ ደግሞ የሐይቁን ካርታ ሳልኩ፤ ደሴቶቹን አንድ በአንድ በእርሳስ እያከበብኩ። በዚያ ካርታ ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ ኋላ ትሰማላችሁ።

ከየአብስራ ጋር የነበሩት ሦስት ናቸው። ጋባዡ ገመቺስ ደረሳ፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ደህና የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ የየአብስራ የትምህርት ቤት ጓደኛ። የገመቺስ እጮኛ ናኦሚ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ፤ ሠርጋቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሦስተኛው በኃይሉ፣ ከየአብስራ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ። በኃይሉ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስለተመለሰ ቃሉን በስልክ ተቀበልን፣ ሁለቱን ቤታቸው ሄደን።

ሦስቱም የተናገሩት አንድ ነው። ከምሥራቁ የጀልባ ማረፊያ በአንድ ሽማግሌ ጀልባ ተነሡ፣ እዚያው አካባቢ ሦስት ደሴት ዞሩ፣ በአንዱ ላይ ምሳ በሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ማረፊያው ተመለሱ። የአብስራ በቀልድ ተቀይሞ ብቻዬን እሄዳለሁ ብሎ በባጃጅ ወደ ቢላ ሄደ። እነሱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢላ ሆቴል ነበሩ፤ አስተናጋጇም አረጋገጠች። ሬሳው የተገኘበት ምዕራብ ዳር በጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት። ካርታዬን ዘርግቼ ለድርቤ አሳየኋት፤ እነዚህ ልጆች እዚያ ሊደርሱ አይችሉም፣ አለቀ አልኳት።

ገመቺስ እያለቀሰ ነበር የሚናገረው። ስለ ቀዛፊው ስንጠይቀው ትንሽ አመነታ። ከዚያ «ሰው መጠርጠር አልወድም። ግን ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ የየአብስራን ስልክ ሲያይ ነበር። ቤቱም በዚያ በኩል ነው ይባላል» አለ። ስልኩን የአብስራ ሲለያቸው በእጁ ይዞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያቀበልኩት አለን። በዚሁ ቃል ላይ ፈረመ።

ቀዛፊው ያው ሬሳውን ያመለከቱት ኦቦ ጋሩማ ናቸው፤ ጀልባቸውን ፈተሽኩ። ስልኩ ከመቀመጫው ጣውላ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ፤ በኮድ የተቆለፈ ነው።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? እንግዳውን ከማረፊያው አሳፍረው፣ ዘርፈው፣ ደጃቸው ካለው ደሴት ላይ ጥለውታል። አንተ እያልኩ፣ እያንጓጠጥኩ ጠየቅኋቸው፤ ጥርሳቸው የረገፈ፣ የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወሰድኳቸው፣ መለስኳቸው ይላሉ፤ ሌላ የለም። ስልኩስ ስላቸው «ሂን ቤኩ» አሉ፤ አላውቅም። ልጁንስ? ሂን ቤኩ። ጓደኞቹንስ? ይህን ስጠይቅ ቀና ብለው አዩኝና እንደገና አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ በጥፊ መታኋቸው። ይህን የምጽፈው ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ ያደረግኩት ስለሆነ ነው።

ድርቤ ያበጠውን ጉንጫቸውን አይታ ወደ ውጭ ጠራችኝ። «ጫኔ፣ ስልክ የሰረቀ ሰው ሬሳውን ለቀበሌ ያመለክታል?»

ተንኮል ነው አልኳት። ዐርብ ፍርድ ቤት እናቀርባቸዋለን፣ ማስረጃው እሳቸው ላይ ነው፤ በከባድ ግድያ የሚከሰሱ እሳቸው ናቸው፣ እሥር ቤት የገባ የዚህ ዕድሜ ሰው ደግሞ በእግሩ አይወጣም። እሷም ይህን ታውቃለች። «እስከ ዐርብ አንድ ቀን አለን» አለችና መኪናውን አስነሣች።

ሐሙስ ጠዋት ምዕራብ ዳር ስንደርስ፣ የመለኪያ ሜትር ይዤ ከመኪናው ወረድኩና ቆሜ ቀረሁ። ደሴቱ የለም።

ዐይኔን አሸሁ። ጎጆው አለ፣ የታሰረው ጀልባ አለ፣ ትናንት ጫማዬን ያጠብኩበት ድንጋይ አለ። ፊት ለፊት ውሃ ብቻ ነው። በአጠገባችን ጥጃ የምትነዳ ዘርፈሽ የምትባል ጎረቤት ሁኔታዬን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ነፋስ ወስዶት ነዋ፣ እዚያ ማዶ ይታይህ የለ አለችኝ። እውነትም ከዳሩ ርቆ አረንጓዴ ነገር ይታያል፤ ሰማያዊ ጀሪካን መሀሉ ላይ።

ይህን የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛ የከተማ ሰዎች ነን ደሴት ሲባል ተራራ የሚመስለን። ግድቡ ሲሞላ የድሮው ጨፌ ሥሩ ተቆላልፎ ከነደንገሉ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ለከብት ግጦሽ የሚፈልጉት ሰዎች ደህናውን ቁራጭ መርጠው፣ ዳር ላይ ችካል ተክለው በረጅም ገመድ ያስሩታል፣ ምልክት እንዲሆንም ጀሪካን ይሰኩበታል። ባለ ሰማያዊ ጀሪካኑ የራሷ የዘርፈሽ ነው። እህቷ ቤት፣ ምሥራቅ ዳር፣ ከማረፊያው ጥግ ዞር ብሎ ታስሮ ነበር።

«እሑድ ጠዋት ምሥራቅ ነበር?» አለቻት ድርቤ።

«እሑድ ጠዋት ሣር አጭጄበታለሁ» አለች ዘርፈሽ።

ካርታዬን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። ምሥራቅ ዳር ሄድን። ችካሉ እንደ ቆመ ነው፣ ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ተንጠልጥሏል። ያረጀ ገመድ ሲበጠስ ጫፉ ይፈታል፤ ይሄ በቢላዋ አንድ ጊዜ የተቀላ ነው። ከችካሉ ሆኖ ወደ ውሃው ለሚያይ፣ ደንገሉ ረጅም ስለሆነ ደሴቱ ላይ ያለ ሰው አይታይም፤ ደሴቱ ላይ ያለውም ችካሉን አያይም።

ስንመለስ ዘርፈሽን አንድ ነገር ጠየቅናት፤ የአብስራ ያን ያህል ከጮኸ እንዴት ማንም አልሰማም? ሳቋ ጠፋ። ሰምተናል አለች። እሑድም ሰኞም ሲመሽ ከውሃው ድምፅ ይመጣ ነበር። እዚህ አገር ከሐይቁ ለሚጣራ ድምፅ መልስ አይሰጥም። ሐይቁ ሰው ይጣራል፣ ግን የሰው ስም አያውቅም፤ ሰው ከሆነ በስምህ ይጠራሃል። የሐይቁ ሰው ሲቸገር የጎረቤቱን ስም ነው የሚጠራው፣ ያኔ ሁሉም ጀልባውን ይዞ ይወጣል። ስም የማይጠራ ድምፅ ሲሆን ግን በር ይዘጋል፣ ልጆችም ጆሯቸውን ይይዛሉ። ይህን ተናግራ ጥጃዋን ትታ ተቀመጠች። ምን ልበላት? እኔ ራሴ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ለነገሩኝ ለእናቱ አልመለስኩላቸውም።

ልንሄድ ስንል ድርቤ ስለ ኦቦ ጋሩማ ቤተሰብ ጠየቀች። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ ቢላ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳለ ነቀምቴ ያለ ወንድማቸው ደረሳ ላሳድገው ብሎ ወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አልተመለሰም አለች ዘርፈሽ። ድርቤ ደብተሯን ከፍታ ደረሳ የሚለውን ከጋባዡ ስም ሥር ጻፈችው።

ናኦሚን ለብቻዋ፣ ከገመቺስ የእንግዳ ማረፊያ ውጭ አገኘናት። ድርቤ የእሑዱን ፎቶ አሳዪኝ አለቻት። ምሳው ላይ የተነሡት አለ። አራቱም ሳህን ይዘው ይስቃሉ፤ ከየአብስራ ጀርባ ሰማያዊው ጀሪካን። ድርቤ ረቡዕ ያነሣነውን የሬሳውን ፎቶ አጠገቡ አስቀመጠች። ያው ጀሪካን ነው። ናኦሚ ሁለቱን ስታይ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ከምሳ በኋላ የአብስራ ስልኩን ለእሷ ሰጥቶ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ወፍ ሊያይ ሄደ። ጠዋት ሲቀዝፉ የነበሩት ሽማግሌ ያኔ ማረፊያው ላይ ቀርተው ዓሣ እየጠበሱ ነበር፤ ጀልባውን የያዘው ገመቺስ ነው። «ውሃ እንደሚፈራ ታውቃላችሁ፤ ትተነው እንሂድና አንድ ሰዓት ላብ በላብ ይሁን» አላቸው። ሳቁ፣ ተሳፈሩ፣ ሄዱ። የአብስራ ዳር ወጥቶ ሲጣራ ናኦሚ በገዛ ስልኩ ቀረጸችው። ማረፊያው ላይ ዓሣ በሉ። ገመቺስ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ላምጣው ብሎ ብቻውን ሄደ፤ ብቻውን ተመለሰ። ሌሎች አጥማጆች ቀድመው ከደሴቱ ወስደው ዳር አውርደውታል፣ በጣም ተናዷል፣ ስልኩን ሰጠሁት፣ በባጃጅ ሄደ አላቸው። አመኑት። ጠፋ ሲባል ግን የቀልዱን ነገር አትናገሩ፣ ሁላችንንም ያስጠይቀናል ብሎ መከራቸው።

ድርቤ ገመቺስ ጀልባውን እንዴት እንደሚነዳ ጠየቀቻት። ቆሞ ነው የሚቀዝፈው አለች፣ ልክ እንደ ሽማግሌው፤ ገርሟት ነበር። የአብስራም ገርሞት ምሳ ላይ ቀልዶበታል። «አንተና ሽማግሌው ስትቀዝፉ አንድ ሰው ናችሁ፤ ፊታችሁም ተመሳሰለብኝ። ማታ ናኦሚ ፊት ምስጢርህን ታወጣለህ» ብሎት ሁሉም ስቀዋል። ገመቺስ አልሳቀም።

«የሽማግሌው ስም ማን ነው?» አለቻት ድርቤ።

አታውቅም። ገመቺስ ሽማግሌው ብቻ ብሎ ነው ያስተዋወቃቸው፣ ቀኑን ሙሉም ሁሉም እንደዚያ ሲሏቸው ነበር። «ስለ ሐይቁ ድምፅም የነገረን ገመቺስ ነው» አለች እያለቀሰች፣ «እዚህ ሰው ስም ካልጠራ አይመልሱም እያለ። እየሳቀ ነበር የነገረን።» የገመቺስን ወላጆች ታውቂያቸዋለሽ ስንላት፣ ሁለቱም ሞተዋል፣ ለአባቴም እንደዚያ ነው የተነገረው አለች።

በኃይሉ ጋ ደወልን፤ ቀልዱም፣ ደሴቱ ላይ ትተውት መምጣታቸውም እውነት መሆኑን አምኖ ስልኩ ውስጥ አለቀሰ። ከዚያ ቢላ፣ ትምህርት ቤቱ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ አሮጌውን መዝገብ አወጣችልን። አንደኛ ክፍል፣ ተራ ቁጥር አስራ ሰባት፦ ገመቺስ ጋሩማ። በእኛ አገር አሳዳጊ አጎት ልጁን በራሱ ስም ማስመዝገቡ ብርቅ አይደለም፤ ልጁ እስኪያድግ የአጎቱ ስም የአባቱ ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ለበዓል የወላጃቸውን ደጅ ይረግጣሉ።

ዐርብ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ልንሄድ አንድ ሰዓት ሲቀረን፣ ድርቤ ገመቺስን አስጠራችው። ኮት ለብሶ መጣ። ኦቦ ጋሩማን አምጥቼ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጥኳቸው። ጉንጫቸው አሁንም አብጧል።

«የእኚህን ሰው ስም ንገረኝ» አለችው ድርቤ።

«ሽማግሌው? ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።»

መዝገቡን ከፍታ ፊቱ አደረገችለት። አነበበውና መዝገቡን ወደ እሷ መልሶ ገፋው። እኔ አሁን አባቱ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ኦቦ ጋሩማ ግን በኦሮምኛ፣ ይህ ልጅ የእኔ አይደለም፣ ስም ይመሳሰላል፣ አታንገላቱት አሉን። በዚህች ቅጽበት እንኳ!

ድርቤ ሌላ አልተከራከረቻቸውም። ገመቺስ የፈረመበትን ቃል አውጥታ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች አነበበችላቸው፤ ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያይ ነበር፣ ቤቱም በዚያ በኩል ነው ይባላል የሚለውን። ኦቦ ጋሩማ ድገሚልኝ አሉ። ደገመችላቸው። ፊርማው የማን ነው አሉ። የእሱ ነው አለቻቸው። ያን ጊዜ ልጃቸውን አዩት፤ ረጅም ጊዜ፣ ልክ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩ።

ከዚያ ተናገሩ። እሑድ የተቀጠረው ቀዛፊ ሌላ ነበር፤ ስለታመመ እሳቸውን ላካቸው። ማረፊያው ላይ ከእንግዶቹ መሀል ልጃቸውን አዩ። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነው፤ ግን አወቁት። እሱም አወቃቸው። በዐይኑ ዝም በሉ አላቸው፣ ዝም አሉ። ሽማግሌው ሲላቸው አቤት አሉ። ዓሣ ጠበሱለት። ያ ልጅ በባጃጅ ሄደ ሲላቸው አመኑ። ሁለት ቀን ከውሃው ድምፅ ሰሙ፣ በራቸውን ዘጉ። ረቡዕ ጠዋት ደጃቸው ላይ ደሴት ቆሟል፤ ሬሳ አለበት፣ የተቆረጠ ገመድም ይጎትታል። ያኔ ገባቸው። ሬሳ ውሃ ላይ አይጣልምና አመለከቱ፤ ልጅም ተላልፎ አይሰጥምና አፋቸውን ዘጉ።

ገመቺስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ድርቤ ገመዱን ለምን ቆረጥክ ስትለው፣ ወደ ግድቡ ረግረግ ይሄዳል ብዬ ነበር፣ ማንም አያገኘውም ነበር አለ። መግደሉን ለማስተባበል አልሞከረም። ስልኩን የደበቀው በዚያች ብቻውን በተመለሰባት ጉዞ ነው። «ሠርጌ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ አባቴ ሞቷል ብዬ ለቤተሰቧ ነግሬአለሁ። የአብስራ ማታ ሊቀልድበት ነበር» አለ። ለዚህ ነው? አልኩት፣ አላስቻለኝም።

«ሲጮህ ማንም እንደማይመልስለት ታውቅ ነበር» አለች ድርቤ።

«አውቅ ነበር።»

ካቴናውን ሳስርበት ለመጀመሪያ ጊዜ «አባ» አላቸው። ኦቦ ጋሩማ ጫማቸውን ያጠልቁ ነበር። ቀና አላሉም።

ቀበቷቸውንና ኮፍያቸውን መልሼ ሰጠኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አንቱ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ። ጥፊውን ከቁም ነገር የቆጠሩት አይመስለኝም። የዚያ የሞተው ልጅ እናት ቤት የት ነው አሉኝ። መኪና አለ፣ ወደ ሐይቁ እናድርስዎት ብላቸው እንቢ አሉ። የሰማሁትን ልንገራት አሉ።

ጨለለቂ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ወይዘሮ በዛብሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኦቦ ጋሩማ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። በተሰባበረ አማርኛቸው ማን እንደሆኑ፣ ልጃቸው ምን እንዳደረገ፣ ድምፁን ሰምተው በራቸውን እንደ ዘጉ ነገሯቸው። ለቀስተኛው አጉረመረመ፤ አንዱ ሊያስወጣቸው ተነሣ። ወይዘሮ በዛብሽ በእጃቸው ከለከሉት።

«ምን ይል ነበር?» አሉ።

ኦቦ ጋሩማ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «ሽማግሌው ይል ነበር። ሽማግሌው፣ ሽማግሌው። ስሜን አልነገሩትም።»

ወይዘሮ በዛብሽ ዐይናቸውን ከእሳቸው ላይ አነሡ፤ በሩ ጋ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ አዩ። የጠየቁት ግን ሽማግሌውን ነው።

«ሰኞ ማታም ይጣራ ነበር?»

«ሰኞ ማታም» አሉ ኦቦ ጋሩማ።